የጃፓን መኮንን ጎራዴ እጄ ገባ፤ ዝገቱን ልንካው ወይስ ልተወው?

ሲልቨር_ስፕሪንጉ
እሑድ ማታ

ሰላም ለቤቱ። እዚህ ብዙ ጊዜ ስለ ድሮ ሰዓትና ሬዲዮ ነው የምታወሩት፣ ጎራዴ ይዤ ስመጣ አትደንግጡ።

ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ሦስት ዓመት ያህል አንዲት አሜሪካዊት ባልቴት እንከባከብ ነበር። ባለቤታቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፊሊፒንስ የዘመቱ ናቸው፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው ያረፉት። እሳቸው አሁን የአረጋውያን መኖሪያ ገቡ፣ ልጃቸው ቤቱን ሲያጸዳ ደውሎ «እማዬ ላንተ ይሰጥ ያለችው ነገር አለ» አለኝ። ሄድኩ። ከምድር ቤት፣ ከገና ዛፍ ካርቶን ሥር፣ በድሮ አንሶላ ተጠቅልሎ ወጣ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰገባው ብረት ነው፣ የቡና ቀለም የተቀባ፣ ታች ላይ ቀለሙ ተላልጧል። አንድ ማንጠልጠያ ቀለበት አለው። እጀታው ላይ ቡናማ ፈትል እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ፣ በጉንጉኑ ክፍተት ነጭ ጉብጉብ ያለ ቆዳ ይታያል። በየናሱ ላይ የአበባ ቅርጽ አለ። ከእጀታው ጫፍ ቡናማና ሰማያዊ ዘርፍ ይንጠለጠላል። ስለቱ ከእጅ መከለያው እስከ ጫፍ 66 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ጫፉ አካባቢ ስንዝር የሚያህል ቀይ ዝገት ይዞታል፣ ሌላው ቦታ ደብዝዟል እንጂ ደህና ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። እውነተኛ ነው ወይ? ዝገቱንስ እንዴት ላስለቅቅ? አማቼ ጎማ ቤት ነው የሚሠራው፣ «የሽቦ ብሩሽ ድሪል ላይ ግጠም፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም» ብሎኛል።


ባለ_ጋራዡ
እሑድ ማታ

አማችህ ልክ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ዝገት ማስለቀቂያ ፈሳሽ ውስጥ አሳድረው ነበር፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ በመጨረሻ በማሽን አብረቅርቀው። እንደ መስታወት ፊትህን ታይበታለህ።


ጋሽ_ሞረድ
ሰኞ ንጋት

ልጄ፣ የአማችህን ብሩሽ ከቤት አስወጣ። ባለ ጋራዥ፣ አንተም ወንድሜ እጅህን ሰብስብ፣ ይሄ የቶዮታ ጭስ ማውጫ አይደለም።

አርባ ዓመት ጀርመን አገር መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ ከብረት ጋር ስታገል ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ የጃፓን ስለት ደግሞ የቆየ በሽታዬ ነው። የገለጽከው ሺን ጉንቶ ይባላል፣ አዲሱ የጦር ጎራዴ ማለት ነው። ጃፓኖች ከ1875 ጀምሮ መኮንኖቻቸውን በፈረንጅ ዓይነት እጀታ ሲያስታጥቁ ቆይተው በ1934 ወደ ሳሙራዮቹ ቅርጽ ተመለሱ። ያ 94 ዓይነት ይባላል፣ ሰገባው ላይ ሁለት ቀለበት ነበረው። በ1938 ቀለል አድርገው 98 ዓይነትን አወጡ፣ ቀለበቱ አንድ ሆነ። ያንተ አንድ ነው ካልክ 98 ነው። ቁጥሩ ከየት መጣ እንዳትለኝ፤ እነሱም እንደኛው የራሳቸው አቆጣጠር አላቸው፣ 1938 በነሱ ንጉሣዊ አቆጣጠር 2598 ነበር፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች ወሰዱ።

ዘርፉም ይናገራል። ቡናማና ሰማያዊ ከምክትል መቶ አለቃ እስከ ሻምበል ላለ መኮንን ነው። ሰማያዊው ቀይ ቢሆን ከሻለቃ እስከ ኮሎኔል፣ ወርቅ ቢጨመርበት ጄኔራል። ዘርፍ ግን ከጎራዴ ወደ ጎራዴ በቀላሉ ይዛወራልና ለብቻው አትመነው።

ይሄ ሁሉ ልብሱ ነው። ሰውየው ገና አልታየም። በዚያ ልብስ ውስጥ አራት ዓይነት ስለት ሊኖር ይችላል፦ ከፋብሪካ ጥቅልል ብረት የወጣ፤ አንጥረኛ ነክቶት ግን ግሎ በዘይት የተነከረ፣ ሾዋቶ የሚሉት፤ በዚያው በጦርነቱ ዘመን በጥንቱ ሥርዓት ከአሸዋ ብረት ታጥፎ፣ በሸክላ ተለብጦ፣ በውሃ የተነከረ፣ ገንዳይቶ የሚሉት፤ ወይ ደግሞ መኮንኑ ከአባቱ ቤት አውጥቶ የወታደር እጀታ ያስገጠመለት የጥንት ስለት። አራተኛው ተረት እንዳይመስልህ። ፊሊፒንስ ውስጥ እጃቸውን የሰጡት የጄኔራል ያማሺታ ጎራዴ ዌስት ፖይንት ሙዚየም ነው ያለው፤ ከላይ ሲያዩት ተራ የ1930ዎቹ የጦር ጎራዴ፣ ውስጡ ግን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ስለት።

ስለዚህ እጀታው ሳይወልቅ ማንም አዋቂ ምንም ሊልህ አይችልም። እስከዚያ ስስ የማሽን ዘይት ቀብተህ አስቀምጠው። ጠርዙን በጣት አትሞክር፣ ብረቱንም በባዶ እጅ አትንካ፤ የጣት ላብ በሁለት ሳምንት ዝገት ሆኖ አሻራህን ይጽፍልሃል።


የቃኘው_ልጅ
ሰኞ ቀትር

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። እኛም ቤት አለ! አያቴ ኮሪያ የዘመተ ነው፣ ለዕረፍት ጃፓን ደርሶ ሲመለስ ያመጣው ጎራዴ ሳሎን ተሰቅሏል። ፎቶ አያይዣለሁ። ዋጋው ስንት ይሆን?


ጋሽ_ሞረድ
ሰኞ ከሰዓት

ያያትህን ነፍስ ይማር፣ ቃኘው ሻለቃ ኩራታችን ነው። ፎቶህን ግን አስፍቼ ሳየው ስለቱ ሥር ላይ አንበሳ ዘውድ ደፍቶ መስቀል ይዟል፣ በግዕዝ ፊደል «ሞዐ አንበሳ» ይላል፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ በላቲን ፊደል ዞሊንገን ተብሎ ተመትቷል። ዞሊንገን እኔ ካለሁበት በባቡር ሩቅ አይደለም። የኛ መኳንንትና የክቡር ዘበኛ ጎራዴ ስለቱ አውሮፓ መሠራቱ የተለመደ ነው። አያትህ ከጃፓን ያመጡት ሌላ ነገር ይሆናል።


የቃኘው_ልጅ
ሰኞ ከሰዓት

ሃሃሃ! እናቴን ስጠይቃት «ከጃፓን የመጣውማ የሻይ ኩባያው ነው» አለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለእንግዳ ሁሉ የጃፓን ጎራዴ ነው ስንል ኖርን።


ዝም_አልልም
ሰኞ ማታ

ደስታችሁን ላበላሽ አይደለም፣ ግን አንድ ሰው ይበለው። በ1945 ማኒላ ውስጥ ብቻ መቶ ሺህ ገደማ ሲቪል ነው ያለቀው። ይሄ ዕቃ ፊሊፒንስ ከነበረ ምን እንዳየ ማን ያውቃል? ጣልያን ያርበኞቻችንን አንገት የቆረጠበትን ገጀራ አንዱ ፈረንጅ ዘይት እየቀባ «ውብ ነው» ቢል ምን ይሰማን ነበር?


ሲልቨር_ስፕሪንጉ
ሰኞ ሌሊት

እውነትህን ነው፣ እኔም አንሶላውን ስገልጥ መጀመሪያ የመጣብኝ እሱ ነው። ሁለት ቀን መኪና ውስጥ ትቼው ነበር፣ ቤት ማስገባት ከብዶኝ። ግን ያስረከቡኝ ሴትዮ ናቸው፣ መጣልም መሸጥም አልሆነልኝም። ምን እንደሆነ ሳላውቅ መወሰን አልፈልግም።


ዝም_አልልም
ሰኞ ሌሊት

እሺ፣ ይሄ ይገባኛል። ቀጥሉ።


አዜብ_ናጎያ
ማክሰኞ ጠዋት

ሰላም፣ ጃፓን ናጎያ ተማሪ ነኝ፣ ይህን ውይይት ጓደኛዬ ላከችልኝ። እጀታው ሲወልቅ ጽሑፍ ካለ ፎቶውን ለጥፈው፣ አነብልሃለሁ። ፎቶ ስታነሳ ብርሃኑ ከጎን በአግድም ይምጣ፣ ፊት ለፊት ከሆነ የተቀረጸው ፊደል ይጠፋል። ዱቄት፣ ጠመኔ፣ ምንም እንዳታሸበት።

አንድ ነገር ከአሁኑ፦ ማንም «ጃፓን ልከህ አስጠርገው» ቢልህ እንዳትሰማ። እዚህ አገር በ1958 የወጣ የጦር መሣሪያና የጎራዴ ሕግ አለ፤ በጥንቱ ሥርዓት ያልተሠራ ስለት አይመዘገብም፣ ያልተመዘገበ ደግሞ ይወረሳል። ያንተው ሾዋቶ ሆኖ ከተገኘ ከጉምሩክ አይመለስም።


ጋሽ_ሞረድ
ማክሰኞ ጠዋት

እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ ይሄን መጀመሪያ መናገር ነበረብኝ።

አሁን ማውለቁን ላሳይህ። እጀታው ጎን ላይ፣ ከፈትሉ መሃል፣ የእርሳስ ውፍረት ያላት ክብ ነገር አለች፤ የቀርከሃ ችንካር ናት፣ መኩጊ ይሏታል። አንዳንዱ ሁለት አለው፣ አንዳንዱ በፋንታዋ ብሎን አለው። ችንካሯ በአንድ ወገን ቀጠን ስለምትል ከቀጭኑ ወገን በናስ ወይም በእንጨት ዘንግ ቀስ ብለህ ግፋት። በብረት ሚስማር አትምታት፣ ትሰነጠቃለች።

ከወጣች በኋላ የእጀታውን ጫፍ በግራ እጅህ ያዝ፣ ስለቱ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ትንሽ ወደ ኋላ ያዘንብል፣ ጠርዙ ካንተ ይዙር። በቀኝ እጅህ ቡጢ የግራ እጅህን አንጓ ምታ። አዎ፣ የራስህን እጅ ነው የምትመታው። ስለቱ በንዝረቱ ትንሽ ትንሽ እየዘለለ ይላቀቃል። እምቢ ካለ ቀን አሳልፍ። እልህ ተጋብቶ በመዶሻ የመታ ሰው እጀታውን ይሰነጥቃል።

ሲወጣ የምታየው የብረት ጭራ ናካጎ ይባላል። እሱ ላይ ያለውን ጥቁር ዝገት አትንካው። ማንበብ የሚችል ሰው ዕድሜውን የሚያነበው ከዚያ ነው፤ የቀለሙ ጥልቀት፣ የሞረዱ መስመር አቅጣጫ፣ ፊደሉ ውስጥና ውጭ ያለው ዝገት አንድ ዓይነት መሆኑ። አንድ ወዳጄ የወረሰውን ስለት ለአንድ የመሣሪያ ጥገና ሱቅ ሰጠ፣ ሱቁ «ስጦታ ይሁንልህ» ብሎ ጭራውን ጭምር እንደ ማንኪያ አብረቅርቆ መለሰለት። ፊደሉ ግማሹ ጠፋ። ሲሸጠው ከሚገባው ግማሽ አላገኘም፣ ገዢው ፎርጅድ እንዳይሆን ፈራ።


ለንደን_ሙሉጌታ
ማክሰኞ ማታ

በዚሁ አጋጣሚ። እኔ ከገበያ ቀን የገዛሁት አለ፣ እጀታው ግን ፈትል የለውም፣ ፈትል የሚመስል ቅርጽ ወጥቶለት ቀለም ተቀብቷል። ጎራዴው ላይ ቁጥር አለ። ተጭበረበርኩ?


ጋሽ_ሞረድ
ማክሰኞ ማታ

ላትጭበረበር ትችላለህ። የበታች ሹማምንት ጎራዴ ነው፣ 95 ዓይነት፣ በ1935 የወጣ። እጀታው የተቀለጠ አሉሚኒየም ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ላይ መዳብ ነበር፣ በጦርነቱ መጨረሻ አሉሚኒየም ሲጠፋ እንጨት ሆነ። ስለቱ ሙሉ በሙሉ የማሽን ሥራ ስለሆነ ጎኑ ላይ በርዝመቱ የሚሄደው ቦይና ቁጥሩ አያስገርምህ። የስለቱ ቁጥርና የሰገባው ቁጥር አንድ ከሆነ ደስ ይበልህ። ቀለሙን እንዳትደግመው ብቻ።

ፎርጅዱን በቀላሉ የምትለየው እንዲህ ነው፦ ስለቱ ላይ የእንጨት ውስጥ መስመር የሚመስል ቅርጽ በአሲድ ተጽፎበታል፣ ቦዩ ውስጥ የዘንዶ ሥዕል ወይ ትልልቅ ፊደል አለ፣ የናሱ አበባ ቅቤ እንደቀለጠ ጠርዝ የለውም፣ ጭራው ደግሞ ግራጫ ሆኖ በግራይንደር የተቆረጠ ይመስላል። ሻጩ «ደም አለበት» ካለህ ደግሞ ዞር ብለህ ሳታይ ሂድ።


ሲልቨር_ስፕሪንጉ
ቅዳሜ ከሰዓት

ወጣ!!

እጄ አብጧል ግን ወጣ። የኩሽና ጠረጴዛ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፌ፣ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «አንተ ሰውዬ ራስህን ልትወጋ ነው» እያለች፣ ሐሙስ ማታ ሃያ ጊዜ ያህል አንጓዬን ደበደብኩ፣ ወይ ፍንክች። ጋሽ ሞረድ እንዳሉት ተውኩት። ዛሬ ጠዋት ሦስተኛው ቡጢ ላይ «ጭቅ» አለች፣ ያቺን ድምፅ ዕድሜ ልኬን አልረሳትም።

ከእጅ መከለያው፣ ጹባ ከሚሉት፣ ፊትና ኋላ ስስ ናሶች ተደራርበው አሉ፣ ግራና ቀኝ አራት አራት። ሁሉም ላይ በጥቃቅን አኃዝ 37 ተመትቷል፣ ጹባውም ላይ 37። ቅደም ተከተላቸውን እንዳልረሳ እያንዳንዱን ሳወጣ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ።

ጭራው ጥቁር ቡናማ ነው፣ በሁለቱም ወገን ጽሑፍ አለ። ከጽሑፉ በላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ማህተም አለች። አልነካሁትም፣ እምላለሁ። አዜብ እባክሽ።

ሌላ ደግሞ። የእጀታውን ጫፍ የሸፈነውን ናስ በለስላሳ ጨርቅ ስጠርግ ከቆሻሻው ሥር ትንሽ ብርማ ነገር ወጣ፣ ሦስት ቅጠል በክብ ገጥሞ።


አዜብ_ናጎያ
እሑድ ጠዋት

ቆንጆ ፎቶ ነው፣ በደንብ ይነበባል።

በአንደኛው ወገን ከላይ ወደ ታች «ኖሹ ሴኪ ጁ» ይላል። ሚኖ ከሚባለው የድሮ አውራጃ፣ የሴኪ ነዋሪ ማለት ነው። ቀጥሎ «ካኔ» አለ፣ የመጨረሻዋን ፊደል ዝገት በልቷታል። የሴኪ አንጥረኞች ለብዙ መቶ ዓመት ስማቸውን በካኔ ስለሚጀምሩ በዚህ ብቻ ሰውየውን ማግኘት አይቻልም። ማህተሟ ራሷ «ሴኪ» የምትል ፊደል ናት፣ የከተማዋ ስለት ሠሪዎች ማኅበር የፍተሻ ምልክት።

በሌላው ወገን ቀኑ አለ፦ ሾዋ 17፣ ሦስተኛ ወር። ሾዋ የጊዜው ንጉሠ ነገሥት ዘመን ስም ነው። በሾዋ ዓመት ላይ 1925 ደምር፣ 1942 ይመጣል። መጋቢት 1934 በኛ፤ ጃንሆይ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ከገቡ ገና ዓመት አልሞላም።

ሴኪ ከኔ አንድ ሰዓት ነው፣ ጊፉ ውስጥ። ባለፈው ጥቅምት ለስለት በዓላቸው ሄጄ ነበር፣ መንገዱ ሁሉ የወጥ ቤት ቢላ የሚሸጥ ድንኳን ነው፣ ለእናቴ የሽንኩርት ቢላ ገዛሁ። የአንጥረኞች ሙዚየም አላቸው። ሦስት ሰዎች ነጭ ለብሰው የጋለውን ብረት በየተራ ሲመቱ ብልጭታው እስከ ተመልካቹ ይደርሳል፣ ሕፃናት ይጮሃሉ። በጦርነቱ ዘመን የመኮንን ጎራዴ በብዛት የወጣው ከዚያች ከተማ ነው።

ሦስቱ ቅጠል የኦክ ቅጠል ነው፣ ሚጹካሺዋ ይባላል። የመኮንኑ ቤተሰብ ዓርማ ነው። ግን ይህን ዓርማ የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ስፍር ቁጥር የላቸውም፣ ስም ካልተገኘ ወደ ማንም አያደርስም።


ጋሽ_ሞረድ
እሑድ ቀትር

እንግዲህ የሴኪ ማህተም ያለበት፣ 1942። ማህተሙ ወደ ሾዋቶ ያደላል። ማረጋገጥ ከፈለግህ ስለቱን በአንድ አምፖል ብርሃን ስር ይዘህ አዘንብለው። በጠርዙ ርዝመት የሚሄድ ነጭ ሞገድ ታያለህ፣ ሃሞን ነው፣ ጠንካራው ብረት ከለስላሳው የሚለይበት ድንበር። በማጉያ መነጽር ድንበሩን ተመልከት። በውሃ የተነከረ ስለት ድንበሩ ላይ እንደ ጭጋግ፣ እንደ ውርጭ ፍሬ የሚብለጨለጭ ነገር አለው። በዘይት የተነከረው ድንበሩ ደፍን ነው፣ የሞገዱ አናት ላይ ጥቁር ጥላ ይጥላል።


ሲልቨር_ስፕሪንጉ
እሑድ ማታ

የልጄን የሳይንስ ማጉያ ተውሼ አየሁ። ጥቁር ጥላ አለ፣ በየአናቱ። ብልጭልጭ የለም።

ትንሽ ከፋኝ መሰለኝ።


ጋሽ_ሞረድ
እሑድ ማታ

አትከፋ። ሾዋቶ ውሸት ጎራዴ አይደለም፤ መኮንኑ የታጠቀው፣ የተማረከው፣ ያ አሜሪካዊ ወታደር በመርከብ ይዞት የመጣው እሱ ነው። 37 ቁጥሩ ከሁሉም ናስ ጋር መግጠሙ ማንም ገጣጥሞ እንዳልሸጠው ይነግርሃል። ብዙው ባለ ጥንት ስለት ይሄ የለውም።

ለጥገናው ግን ነገሩን ይወስናል። በጃፓን ሥርዓት የሠለጠነ ስለት ጠራጊ በኢንች ነው የሚያስከፍለው፣ ሥራው ወራት ይወስዳል፣ ለሾዋቶ ከጎራዴው ዋጋ በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ያንተ ጥገና ዝገቱ እንዳይቀጥል ማድረግ ብቻ ነው። ስለቱን ፋርማሲ በሚሸጠው አልኮል ጥረግ፣ ሁልጊዜ ከጀርባው በኩል ይዘህ ወደ ጫፉ፣ ጠርዙን አቋርጠህ እንዳትሄድ። ቀዩ ዝገት ላይ ዘይት አድርገህ ሳምንት ተወው። ከዚያ ከ1982 በፊት የታተመ የአሜሪካ ፔኒ ፈልግ፣ ያ መዳብ ነው፣ በኋላ የመጣው ውስጡ ዚንክ ነው። በሳንቲሙ ጠርዝ ዘይት ያለበትን ዝገት ቀስ ብለህ ፋቅ። መዳብ ከብረቱ ይለሰልሳል። ቀዩ ይለቃል፣ ጥቁሩ ነጥብ ይቀራል፣ ይቅር።


ለንደን_ሙሉጌታ
ሰኞ ጠዋት

ኡቺኮ የሚሉት ዱቄትስ? በኢንተርኔት ኪት ሲሸጥ አይቻለሁ፣ በቀይ ኳስ እየተመታ የሚነሰነስ።


ጋሽ_ሞረድ
ሰኞ ጠዋት

የተፈጨ ድንጋይ ነው። የዋሁ «ማጽጃ» ይለዋል፣ እኔ ብርጭቆ ወረቀት ነው የምለው። በርካሽ ኪት የሚመጣው ደግሞ ጠጠሩ እኩል አይደለም።


አዜብ_ናጎያ
ሰኞ ማታ

ጋሼ፣ እዚህ የማውቃቸው አንድ አዛውንት በጥሩ ኡቺኮ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲጠርጉ የኖሩት ስለት አላቸው፣ ያበራል።


ጋሽ_ሞረድ
ሰኞ ማታ

እሳቸው ሃምሳ ዓመት ያወቁት እጅ አላቸው። የኛ ልጅ ግን አማች አለው።


ባለ_ጋራዡ
ሰኞ ማታ

😂 ተነካን


አዜብ_ናጎያ
ሰኞ ማታ

እሺ ተሸነፍኩ። ለዘይቱ ግን ልጨምር፦ እዚህ የሚቀቡት ቾጂ ይባላል፣ ቾጂ ማለት ቅርንፉድ ነው። ስስ ዘይት ውስጥ ጥቂት የቅርንፉድ ዘይት ጠብ ይደረግበታል፣ ለሽታው። ቀጭን ሽፋን ብቻ ቀብተህ በጨርቅ አንሳው፣ ሰገባ ውስጥ ሲንጠባጠብ እንጨቱን ያበሰብሳል።


ሲልቨር_ስፕሪንጉ
ሐሙስ ማታ

ሰገባው ውስጥ እንጨት አለ እንዴ? ብረት ብቻ መስሎኝ።


ጋሽ_ሞረድ
ሐሙስ ማታ

አፉ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ ብሎኖች አሉ። ልካቸው በሆነ መፍቻ ፍታ፣ አፉ ይወጣል፣ ተከትሎ የእንጨት ገበሩ ይሳባል። ስለትህን ያዛገው እዚያ የተሰበሰበ አሮጌ ቅባትና አቧራ ሊሆን ይችላል። ደረቅ ብሩሽ፣ በቃ። ውጭውን ቀለም አትንካ፣ ዘርፉንም አትጠብ።


ሰላማዊት_ነርስ
ዓርብ ጠዋት

ከጎራዴው ውጭ አንድ ነገር ልበል። በእንክብካቤ ሥራ ላይ ያላችሁ ሁሉ ስሙኝ፦ ቀጣሪ ኤጀንሲዎች አብዛኞቹ ከምትንከባከቡት ሰው ስጦታ መቀበል ይከለክላሉ። ነገ አንድ ዘመድ ተነስቶ «ሰረቀ» እንዳይል፣ ወንድሜ፣ ከልጃቸው በጽሑፍ ተቀበል። ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳመጣው፣ ለማን እንደተሰጠ፣ ፊርማ ያለበት።


ጋሽ_ሞረድ
ዓርብ ጠዋት

ልጄ፣ ልክ ብለሻል፣ ለሌላም ይጠቅማል። ያ ወረቀት የወታደሩን ስምና ክፍለ ጦር ካካተተ ከጎራዴው ጋር ለዘላለም ይቀመጥ። ወታደሮቹ ማስታወሻ ይዘው እንዲወጡ አዛዣቸው የፈረመበት ወረቀትም ይሰጣቸው ነበር፣ ቤቱ ውስጥ ካለ ፈልጉ። ስለቱን ሺህ ሰው አለው፣ ወረቀቱን ጥቂት።


ሲልቨር_ስፕሪንጉ
ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ

የጠፋሁት በሥራ ነው። አዳዲስ ነገር።

ፔኒው ሠርቷል። 1974 የታተመ፣ ከልጄ ማጠራቀሚያ የሰረቅሁት። በየማታው ሃያ ደቂቃ ያህል፣ እግር ኳስ እያየሁ። ቀዩ ሁሉ ለቋል፣ ጫፉ ላይ ምስር የሚያካክሉ አምስት ስድስት ጥቁር ነጥቦች ቀርተዋል። ከገበሩ እንጨት ሙሉ የሻይ ማንኪያ አቧራ ወጣ፣ የሞተ ጉንዳንም ነበረበት። ከፊሊፒንስ ይሁን ከሜሪላንድ እንጃ።

ልጃቸው ወረቀቱን ጻፈልኝ። የአባቱን የጦር ሰነድ ሲያገላብጥ የአዛዡን ፊርማ ያለበት ቁራጭ ወረቀትም አገኘ፣ «አንድ የጃፓን ጎራዴ» የሚል፣ ኅዳር 1945። የጃፓናዊው ስም የለም። ዝም አልልም፣ አንተን አስቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ስም ቢኖር ቤተሰቡን ፈልጌ እልክላቸው ነበር።

ዛሬ ጎራዴውን ሳይሆን (የአረጋውያን ቤት ጎራዴ ይዞ መግባት አይቻልም) የጠረግሁበትን ጨርቅ ኪሴ ረስቼ ይዤ ባልቴቷን ልጠይቅ ሄድኩ። ዓይናቸው አሁን ብዙም አያይም። ጎንበስ ብዬ ስስማቸው «ሻይ ይዘህልኝ መጣህ?» አሉኝ። ቤታቸው ሳለሁ በየጠዋቱ በቅርንፉድ አፈላላቸው ነበር። ጨርቁ ነው የሸተታቸው። ምን እንደሆነ ስነግራቸው ሳቁና፣ ባላቸው አንድ ቀንም እንዳልመዘዙት፣ ልጆቹ እንዳይነኩት እሳቸው ራሳቸው ከዛፉ ካርቶን ሥር እንደደበቁት አጫወቱኝ።


ጋሽ_ሞረድ
እሑድ ማታ

ጎሽ። ስትገጥመው ችንካሯን አዲስ አደረግሃት ወይስ የድሮዋን መለስካት?


ሲልቨር_ስፕሪንጉ
እሑድ ማታ

የድሮዋን። ትንሽ ትላላለች፣ ግን ገባች።


አዜብ_ናጎያ
ሰኞ ጠዋት

ከላላች አዲስ ልላክልህ፣ የደረቀ ቀርከሃ እዚህ ሞልቷል። የድሮዋን ግን እንዳትጥላት፣ በፖስታ አድርገህ ከወረቀቱ ጋር አስቀምጣት።